ለቡኒ ሐኪም ምስጋና፣ ሐዋሳ ላይ እንስሳ ለምታሳድጉ ሁሉ

እግዚአብሔር ይስጣት፤ ሌላ ምን እላለሁ! ሐዋሳ ውስጥ የቤት እንስሳ ያላችሁ፣ በተለይ እንደ እኛ ሰው የሚስቅበትን ዓይነት እንስሳ የምታሳድጉ፣ ይህችን ወጣት የእንስሳት ሐኪም ሳታውቋት እንዳትቀሩ።

የእኛዋ ጃርት ናት። የድንች ማሳ የምታወድመዋ ትልቋ ሳትሆን፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጠዋ ጥንዚዛ ለቃሚዋ ትንሿ። አላሙራ አካባቢ ውሾች ሲያንገላቷት የልጅ ልጄ አስጥላ አመጣቻት። አንድ እግሯ ክፉኛ ስለተጎዳ ዱር ተመልሳ ራሷን ማኖር አትችልም ተባለና እኛው ጋር ቀረች። ቡኒ እንላታለን።

መከራችን ንጽሕናዋ ነበር። የተጎዳው እግሯ መሬት በደንብ ስለማይረግጥ ጥፍሩ አድጎ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ በገዛ ቆሻሻዋ ላይ ስትመላለስ ስለምታድርም እግሯና ሆዷ ይጨቀያል። ይዘናት ያልዞርንበት የለም። አንዱ ቦታ «ለላምና ለበግ ጊዜ ያጣን ሰዎች ጃርት እንጠብ?» ብለው ከበር መለሱን። የሌላኛውስ ባይነሳ ይሻላል! የቆዳ ጓንት አጥልቆ በሐምሌ ብርድ ቧንቧ ሥር ያዛት፤ ሳሙናው ደግሞ ሽታው አፍንጫ ይሰረስራል። ተጠቅልላ ድንጋይ ሆነች። ቤት ገብታ ስትፈታ ያ ሳሙና የነካውን ጨርቅ ማኘክ ጀመረች፤ አፏ አረፋ ደፈቀ፤ አንገቷን ጠምዝዛ አረፋውን እሾኋ ላይ ትቀባ ገባች። ደንግጠን ብንደውልለት «የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ግደሏትና ቅበሯት» አለን። የልጅ ልጄ ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረች አልነግራችሁም። ሰው የማያውቀውን «አላውቅም» ማለት ምን ያሳፍረዋል?

ዶክተሯን ያገኘናት በጎረቤት ጥቆማ ነው። ስለ አረፋው ስነግራት አልሸሸችም፤ «ጋሼ፣ ከዚያ በፊት ምን አዲስ ነገር አሸተተች?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳሙናውን ነገርኳት። ቡኒን አገላብጣ አየቻትና ፈገግ አለች። አዲስ ሽታ ሲያጋጥማቸው አኝከው፣ አረፋ ሠርተው እሾኻቸውን መቀባት የጃርቶች ጠባይ ነው፤ ጤነኛዋም ታደርገዋለች አለችን። ልጅቷ እዚያው አለቀሰች። የእኔ ይቅር።

ከዚያ ወደ ማጠቡ ገባች። ከፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ሳፋ ላይ ገልብጣ በቀዝቃዛ አለዘበችውና በክንዷ ውስጠኛ በኩል ሞከረችው። ውሃው የቡኒን እግር ከመሸፈን አያልፍም። ቡኒ እንደ ልማዷ ተጠቅልላለች። ዶክተሯ አልጎተተቻትም፣ አልነቀነቀቻትም፤ መዳፏ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ውጭ ሰው ወረፋ ይዟል፤ እሷ እጇን እንኳ ሳታንቀሳቅስ ትጠብቃለች! መጀመሪያ አፍንጫዋ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ አንድ እግር፣ ከዚያ ራሷ ወርዳ ውሃው ውስጥ መራመድ። በለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ ከአንገቷ ወደ ኋላ፣ እሾኹ በተኛበት አቅጣጫ፣ ቀስ እያለች ፋቀቻት። ፊቷንና ጆሮዋን ውሃ አላስነካችም። ጥፍሩ ውሃ ውስጥ ከለሰለሰ በኋላ ጫፉን ብቻ ቆረጠችው፤ ውስጡ የደም ሥር አለ አለችን። ጠብታ ደም አልወጣም።

ስለ ቆዳዋ የሰጠችን ማብራሪያ ረጅም ነበር፤ አብዛኛው አልገባኝም። የያዝኩት ይህን ነው፦ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ቆዳዋን ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ስትቆሽሽ ብቻ፤ ከታጠበች በኋላም ፍጹም እስክትደርቅ ብርድ እንዳያገኛት።

የተቀበለችን ገንዘብ ለመናገር ያሳፍራል። ልጨምርልሽ ብላት «ይልቅ ለቡኒ የራሷን ፎጣ ይግዙላት» ብላ ሸኘችን። እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ ዛሬ!

ውሻም፣ ድመትም፣ ጥንቸልም ያላችሁ፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። ስልኳን በአደባባይ መለጠፍ ስላልፈለግሁ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ። ጠዋት ጠዋት ከብት ልታክም ወደ ገጠር ስለምትወጣ የምታገኟት ከሰዓት በኋላ ነው።