ራይዘን 5 5600፦ ብር ሳይበዛ ፈጣን ዴስክቶፕ ለመገጣጠም

ዋናውን መጀመሪያ ልናገር። በውስን ብር ፈጣን ዴስክቶፕ መገጣጠም የሚፈልግ ሰው ሲጠይቀኝ ዛሬም የምጠቁመው ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ራይዘን 5 5600 ነው። ኤኤምዲ ያወጣው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2022 ሲሆን የመጀመሪያ ዋጋው 199 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አዳዲስ ወጥተዋል። ግን 5600 ፈጣን ሆኖ ብር አይጨርስባችሁም፣ የተረፈው ብር ደግሞ ሰው ሁሉ ወደሚንቃቸው ዕቃዎች ይሄዳል፦ ኃይል ወደሚያድለው ፓወር ሰፕላይ፣ ወደ ራም (ለጊዜው የሚሠራበት ሜሞሪ)፣ ወደ ኤስኤስዲ (ፈጣን ፋይል ማስቀመጫ)። በትንሽ በጀት የተገጣጠመ ኮምፒውተር የሚያምረውም የሚበላሸውም እነዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፤ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ከሻጭ ጋር ያጣላችኋል። በዚያ ላይ ከፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ተሰቅሏል፤ ፋብሪካዎቹ ምርታቸውን ለኤአይ ዳታ ሴንተሮች እየሸጡ ነው። ስለዚህ ቤት ሆናችሁ ሦስት አራት ቦታ ደውሉና ውጡ።

ወደ ፕሮሰሰሩ ልመለስ። 6 ኮር (ሥራውን የሚሠሩት ክፍሎች) እና 12 ትሬድ (በአንዴ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) አለው፣ ሲፈጥን እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፣ ካሽ የሚባል 32 ሜጋባይት በጣም ፈጣን ሜሞሪም ውስጡ አለው። እኔ የምሠራበት ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው፣ ሲመሽ ጌምም እጫወታለሁ። ፉል ኤችዲ ቪዲዮ ላይ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ብሮውዘር ላይ ብዙ ገጽ ተከፍቶ፣ ፎቶሾፕ ከጎን እየሠራ፣ ቪዲዮ ከኋላ ሬንደር እየተደረገ (የተሠራው ወደ መጨረሻ ፋይል እየወጣ) እንኳ ማውሱ አይንቀረፈፍም። በጣም የምወድለት ግን ኃይል ቆጣቢነቱን ነው። የተጻፈለት 65 ዋት ነው፣ ሙሉ ሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ 76 ዋት አካባቢ ላይ ራሱን ይገድባል። በዚህ ምክንያት ካርቶኑ ውስጥ አብሮት የሚመጣው ማቀዝቀዣ ይበቃዋል፣ ሌላ መግዛት አያስፈልግም። ረጅም ሬንደር ላይ ፋኑ ይሰማል፤ ማታ ጸጥ ባለ ክፍል የምትሠሩ ከሆነ ትንሽ ይረብሻል።

ስም የሚመሳሰሉትን እንዳታምታቱ። 5500 የሚባለው ርካሽ ነው፣ ግን ካሹ ግማሽ፣ 16 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ጌም ላይ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። 5600ኤክስ ከ5600 በጥቂት ብቻ ይፈጥናል፣ በእኩል ዋጋ ካገኛችሁት ውሰዱት፣ ተጨማሪ ብር ግን አትክፈሉበት። 5600ጂ ደግሞ ግራፊክሱ ውስጡ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ተራው 5600 ግራፊክስ የለውም፣ ካርድ ካልሰካችሁለት ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም። አሁን ለግራፊክስ ካርድ ብር የሌለው ሰው 5600ጂ ገዝቶ ካርዱን በኋላ ቢጨምር አልቃወምም፤ ጥሩ መንገድ ነው።

እዚህ ጋ አንድ የሚያበሳጨኝን ነገር ልናገር። መርካቶም ሆነ ፒያሳ “አይ7 ነው” የሚለው ቃል ብቻውን ዕቃ ይሸጣል። የትኛው ጄኔሬሽን? ማንም አይጠይቅም። የኢንቴል ኮር አይ7-6700 በፈረንጆቹ 2015 የወጣ፣ 4 ኮር ያለው ፕሮሰሰር ነው። በ2022 የወጣው ትንሹ ኮር አይ3-12100ኤፍ ያስከነዳዋል። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ባብዛኛው 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ያሉትን ነው፤ ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ስለዚህ ከውጭ ቢሮ ወጥተው የሚመጡትን ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ የምታዩ ከሆነ ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች አትውረዱ። ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ፣ ለተማሪ በጣም ጥሩ ናቸው፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ለማሳደግ ግን ያስቸግራሉ፤ ፓወር ሰፕላያቸውና ማዘርቦርዳቸው (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ) ለራሳቸው ብቻ የተሠራ ነው፣ ትንሹ ኬዝ ውስጥ ደግሞ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አይገባም።

ማዘርቦርድ ላይ ብዙ አልቆይም። 5600 የሚሰካው ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት ላይ ነው። ቢ550 የሚባለውን የቦርድ ዓይነት ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ቢ450 ርካሽ ነው፣ ይሠራልም፣ ግን ባዮሱ (ቦርዱ ላይ ያለው ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ፕሮግራም) አሮጌ ከሆነ 5600ን አያውቀውምና ሻጩ አፕዴት አድርጎ፣ ፕሮሰሰሩን ሰክቶ፣ ስክሪን ላይ ሲመጣ አሳይቶ ይስጣችሁ። የራም ቦታው 4 ቢሆን ይመረጣል። ቆየት ብላችሁ 8 ኮር ያለውን 5700ኤክስ እዚያው ቦርድ ላይ መሰካት ትችላላችሁ፤ አዲሱ ኤኤም5 ግን ሌላ ቦርድና ዲዲአር5 ራም ያስገዛችኋል።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላይ። ሰው በብዛት ብር የሚቆጥብበት ዕቃ ይህ ነው፣ እኔ ደግሞ ቢቻል ምንም እንዳትቆጥቡበት የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። የእኛን መብራት ታውቁታላችሁ። ይጠፋል፣ ሲመለስ በአንዴ ይመጣል፣ ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል። ይህን ሁሉ መጀመሪያ የሚቀበለው ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ ርካሹ ሲቃጠል ደግሞ ብቻውን ላይሄድ ይችላል፤ ማዘርቦርድና ግራፊክስ ካርድ ይዞ ይሄዳል።

ጎኑ ላይ በትልቁ “600 ዋት” ወይም “750 ዋት” የሚለውን አትመኑ። የተለጠፈበትን ሠንጠረዥ አንብቡ። 12 ቮልት በሚለው ሥር ስንት አምፔር ተጽፏል? በ12 አባዙት። 45 አምፔር ካለ 540 ዋት ነው፣ ጥሩ። “600 ዋት” ተብሎ 12 ቮልቱ 18 አምፔር ብቻ ከሆነ እውነተኛ አቅሙ 216 ዋት ነው፣ ትታችሁት ውጡ። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት ከ12 ቮልቱ ነውና ሌላው ቁጥር ማስታወቂያ ነው። በእጃችሁም አንሱት። ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ቀላል ከሆነ ውስጡ የሚገባው ዕቃ አልገባም። የኤይቲ ፕላስ ብሮንዝ (80 Plus Bronze፣ ኃይል የማያባክን ለመሆኑ የሚሰጥ) ምልክት ያለው፣ ታዋቂ ብራንድ የሆነ፣ 550 ዋት ለዚህ ኮምፒውተር ከበቂ በላይ ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የዛሬዎቹ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ያስተካክላሉ። ከኋላው ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ የሚመስል፣ 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ ካለው ግን የቆየ ዓይነት ነው፤ 115 ላይ እንዳለ የእኛ 220 ላይ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) መግዛት ከቻላችሁ እጅግ ጥሩ፤ ካልቻላችሁ ቢያንስ ከፍሪጅና ከምጣድ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ አታድርጉት።

ራም ላይ ያለኝ ምክር አጭር ነው። 16 ጂቢ ከሆነ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ግዙ፣ ምክንያቱም ሁለት ሲሆን ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ያነብበታል። 5600ጂ ላይ ይህ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፤ ውስጡ ያለው ግራፊክስ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ነው። ቦርዱ ባለ 4 ቦታ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ሰኩ። ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ራሙን በተጻፈለት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒ (XMP) የሚለውን አብሩ። ሳይበራ ከቀረ ባለ 3200 ራም ገዝታችሁ በ2133 ወይም በ2666 ስትሠሩ ትኖራላችሁ። ይህን ሳያውቁ ለዓመታት የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ ያሳዝነኛል፣ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው።

ኤስኤስዲ የግድ ነው። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ያነባል፣ በሳታ ገመድ የሚገናኝ ኤስኤስዲ 550 ገደማ፣ እንደ ደብሊውዲ ብሉ ኤስኤን570 ያለ ቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ኤንቪኤምኢ (NVMe) ኤስኤስዲ ደግሞ እስከ 3,500። ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞች 500 ጂቢ ኤንቪኤምኢ፣ ለቪዲዮ ማስቀመጫ ያላችሁን አሮጌ ሃርድ ዲስክ፤ የእኔም እንዲህ ነው። ስሙ የማይታወቅ “2 ቴራ” ኤስኤስዲ በሚያስገርም ርካሽ ዋጋ ካያችሁ ሽሹ። ብዙዎቹ ውስጣቸው ትንሽ ሜሞሪ ሆኖ በውሸት 2 ቴራ ብለው የሚያሳዩ ናቸው፤ ሲሞላ ፋይላችሁ ይጠፋል። የሠርግ ቪዲዮ እንዲህ የጠፋበት ባልደረባ አለኝ፣ ሙሽሮቹን ምን ብሎ ይንገራቸው?

ግራፊክስ ካርድ ላይ አርኤክስ 6600 ለዚህ ፕሮሰሰር ልኩ ነው። 8 ጂቢ ሜሞሪ፣ 132 ዋት ብቻ፣ ፉል ኤችዲ ጌም ያለ ሐሳብ። ብር ካነሰ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር መልካም ነው። አርኤክስ 580 በገበያው ሞልቷል፣ ዋጋውም ያጓጓል፣ ግን ብዙው ክሪፕቶ ማይኒንግ (ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር ማምረት) ላይ የኖረ ነው፤ ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በሴፕቴምበር 2022 በካርድ ማይኒንግ ማድረግን ሲያቆም ወደ ገበያ ፈሰሰ። “2048ኤስፒ” የሚል ያለበት ደግሞ ስሙ 580 ይሁን እንጂ አቅሙ የ570 ነው። በ580 ዋጋ አትግዙት።

ከኢንቴል በኩል ኮር አይ5-12400ኤፍ እኩያው ነው፤ እሱም 6 ኮርና 12 ትሬድ አለው፣ በዋጋ ካነሰ ውሰዱት፣ አትቆጩም። እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ ኢንቴልን አስቀድማለሁ። ከአዳዲስ ካሜራዎች በሚወጣ ባለ 10 ቢት ኤች.265 ቪዲዮ፣ በተለይ ብዙ የቀለም መረጃ በሚይዘው 4፡2፡2 በሚባለው፣ ፕሪሚየር በሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ “ኤፍ” የሌለበትን 12400 ግዙ። ውስጡ ያለው ግራፊክስ ያንን ፋይል የሚፈታበት መንገድ አለው፣ 5600 ግን በጉልበቱ ስለሚታገለው ይንቀረፈፋል። የእኔ ካሜራ ያንን ስለማያወጣ 5600 በቂዬ ነው።

5600ን ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ገልብጣችሁ እዩት። ፒኖቹ ያሉት ራሱ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፣ አንዱ ከተጣመመ ወይም ከተሰበረ ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል፣ ወይ ከራሞቹ አንዱ አይታይም። ከጎን በብርሃን እዩ፣ መስመሮቹ በሁሉም አቅጣጫ ቀጥ ማለት አለባቸው። ማቀዝቀዣውን ስትነቅሉም ኮምፒውተሩ ትንሽ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ አጥፉት፣ ከመብራት ንቀሉት፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አንሱ፤ በቀጥታ ወደ ላይ ከተሳበ በመካከላቸው ተቀብቶ ደርቆ የተጣበቀው ፔስት ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ነቅሎ ያወጣዋል። ብር ከመቁጠራችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ዊንዶውስ ይነሳ፣ ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ፕሮግራም ተከፍቶ የፕሮሰሰሩ ስምና የራሙ ፍጥነት ይታይ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ኤስኤስዲው ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነበብ። ሻጩ “ቤት ሄደህ ሞክረው” ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።