ስትራት፣ ሌስ ፖል ወይስ ፒአርኤስ? የትኛው ጊታር ከየትኛው አምፕ ጋር

ውድ ጊታር ሊገዛ የተነሳ ሰው ወራቱን የሚፈጀው ጊታሩን በመምረጥ ነው። ቀለሙን ያያል፣ አንገቱን ይዳብሳል፣ ቪዲዮ እየደጋገመ ያዳምጣል። አምፕሊፋየሩ (አምፑ) ግን በተረፈው ገንዘብ ይገዛል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ከሰዓት ውስጥ።

እኔም የመጀመሪያውን ጥሩ ጊታሬን የገዛሁት እንዲሁ ነበር። ሌስ ፖል ገዛሁ፤ ከዚያ ትልቅ ይሻላል ብዬ 100 ዋት አምፕ ጨመርኩበት። ቤት ውስጥ የቮልዩሙን ኖብ ትንሽ ነካ ሳደርገው መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ድምፁ ይደርቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ችግሩ የጊታሩ መሰለኝ። ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ክፍል) አስቀየርኩ፣ ክር በየዓይነቱ ሞከርኩ። አንድ ቀን ያንኑ ጊታር ጓደኛዬ ቤት ባለ 15 ዋት ቮክስ አምፕ ላይ ሰካሁት። ስፈልገው የኖርኩት ድምፅ ወጣ።

ኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ግማሽ መሣሪያ ነው፤ ሌላው ግማሽ አምፑ ነው። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው ጥንድን ከጥንድ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱ ጊታሮች

በዚህ የዋጋ ደረጃ ብዙ ስም አለ። ነገር ግን አብዛኛው ከሦስት ቤተሰብ የአንዱ ልጅ ነው፤ ስለዚህ በሦስቱ ልወሰን።

ፌንደር ስትራቶካስተር (ስትራት) በ1954 ወጣ። አንገቱ በብሎን የተያያዘ ነው፤ ሦስት ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ፒክአፕ አለው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ጣታችሁ ክሩን ለስለስ አድርጎ ሲነካና ጠንከር አድርጎ ሲመታ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ጉድለቱ እምምም የሚለው ድምፅ ነው። ሲንግል ኮይል በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር ንዝረት ይለቅማል፤ ጌይን (ድምፁን የሚያሻክረውን ኃይል) በጨመራችሁ ቁጥር እሱም ይጨምራል። በብዙዎቹ የአሁን ስትራቶች የመሃሉ ፒክአፕ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለተጠመጠመ፣ የፒክአፕ መምረጫውን 2 ወይም 4 ላይ ስታደርጉት እምምታው ይጠፋል።

ጊብሰን ሌስ ፖል በ1952 ወጣ፤ ዛሬ የምናውቀውን ድምፅ ያገኘው ግን በ1957 ነው። ሃምባከር የተገጠመለት ያኔ ነው። ሃምባከር ማለት ሁለት ጥቅል ሽቦ ጎን ለጎን ሆኖ አንዱ የሌላውን እምምታ የሚሰርዝበት ፒክአፕ ነው። ሲሰርዝ ከላይኛው ትሬብል (ቀጭኑ ድምፅ) ጥቂት ይወስዳል፤ በምትኩ ውፍረትና ጉልበት ይሰጣል። አካሉ ማሆጋኒ፣ ላዩ ሜፕል፣ አንገቱ በሙጫ የተጣበቀ ነው። ኖታው ከተመታ በኋላ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ግን ከባድ ነው፤ 4 ኪሎ ማለፉ የተለመደ ነው። ሁለት ሰዓት ቆማችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ትከሻችሁ ይነግራችኋል። የጊታሩ ራስ (ክሩ የሚወጠርበት ጫፍ) ወደ ኋላ የተጋደመ ስለሆነም ከወደቀ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው አንገቱ ጫፍ ላይ ነው። ያገለገለ ስትገዙ እዚያ ቦታ ላይ ባትሪ አብርታችሁ እዩ።

ፒአርኤስ ከስተም 24 ከሁለቱ መሃል ይቆማል። ድርጅቱ በ1985 አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲጀመር የተነሳው ከዚሁ ሐሳብ ነው። 24 ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩ የብረት መስመሮች) አለው፣ ክሩን ስታወዛውዙት ቃኙ በቀላሉ አይዛባም፣ ሃምባከሩም ተከፍሎ ወደ ሲንግል ኮይል ይጠጋል። በሠርግም በስቱዲዮም በአንድ ጊታር ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የእኔ ጆሮ ግን ጸባዩ ትንሽ የታረመ ሆኖ ያገኘዋል። ስትራቱ ሲጮህ፣ ሌስ ፖሉ ሲያጉረመርም የምሰማውን ሻካራነት እዚህ አጣዋለሁ።

ገዢዎች ብዙም የማያዩት አንድ ቁጥር አለ፤ የክሩ ርዝመት ከድልድዩ እስከ አንገቱ ጫፍ። ስትራት 64.8 ሴንቲ ሜትር፣ ፒአርኤስ 63.5፣ ሌስ ፖል 62.9 ገደማ ነው። በአንድ ዓይነት ክርና በአንድ ዓይነት ቃኝ ረጅሙ ይበልጥ ይወጠራል። ስለዚህ ስትራት ላይ ቤንድ ማድረግ (ክሩን በጣት ገፍቶ ድምፁን ማቅጠን) ጣት ይጠይቃል፤ ቤዙ ግን ጥብቅ ያለ ነው። ሌስ ፖል ላይ ክሩ ይታዘዛል። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ወይም ብዙ ቤንድ የምትጫወቱ ከሆነ፣ ይህ ልዩነት ከእንጨቱ ዓይነት በላይ ነው።

ወደ ውዱ እርከን ስትወጡ የምትከፍሉት በአብዛኛው ለእጅ ሥራ ነው። ፍሬቱ እኩል ተሞርዷል፣ ጠርዙ ጣት አይቧጭርም፣ እንጨቱ ቀላልና የተመረጠ ነው። ይህ ሁሉ መጫወቱን ደስ የሚል ያደርገዋል፤ ዋጋውም ይገባዋል። ግን በመካከለኛ ሌስ ፖልና በውድ ሌስ ፖል መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት፣ አንዱን ሌስ ፖል በሁለት አምፕ ስትሰሙት ከሚገኘው ልዩነት በጣም ያንሳል። ለዚህ ነው ከጠቅላላው ገንዘብ ቢያንስ ሲሶውን ለአምፑ አስቀምጡ የምለው።

አምፖቹና ጥንዶቹ

የቲዩብ አምፕ (በብርጭቆ ቫኩም ቲዩብ የሚሠራው) ልዩ ነገር ሲጨናነቅ የሚያሳየው ጸባይ ነው። ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፤ በዚያ መቆረጥ ውስጥ በፊት ያልነበሩ ድምፆች ይወለዳሉ። ጊታሩ ላይ ያለውን ቮልዩም ዝቅ ስታደርጉ ይጠራል፣ ከፍ ስታደርጉ ይሻክራል። ጥሩ ጊታርና ጥሩ አምፕ ሲጣመሩ ፔዳል ሳትረግጡ በጣታችሁ ብቻ ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት ትሄዳላችሁ። ጥንዱ ተስማማ አልተስማማም የምትሉት እዚህ ላይ ነው።

ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ 22 ዋት ነው፤ አንድ 12 ኢንች ስፒከር አለው። ቤዙና ትሬብሉ ጎላ ያለ፣ ሚዱ (መካከለኛው ድምፅ) ገባ ያለ ነው። ስትራት ሲሰካበት ድምፁ እንደ መስታወት ይሆናል። ንጹሕ ኮርድ፣ ፋንክ፣ ለስላሳ ብሉዝ ለሚጫወት ሰው ሌላ መፈለግ አያስፈልገውም። ሌስ ፖል ሲሰካበት ግን ቶሎ ይሻክራል፤ የአንገቱ ፒክአፕ ላይ ቤዙ ይላላል። የቤዙን ኖብ እስከ 2 ማውረድ ይረዳል፤ ያም ሆኖ ከባድ ሪፍ ለሚጫወት ሰው ይህን ጥንድ አልመክርም።

ማርሻል የተባለው የአምፕ ድርጅት የተጀመረው በ1962 ለንደን ውስጥ ነው። የመጀመሪያው አምፑ ጄቲኤም 45 የተነሳው ፌንደር ቤዝማን ከሚባለው አምፕ ሰርኪት ነበር። እንግሊዝ አገር የሚገኘው ቲዩብና ስፒከር ግን ሌላ ስለነበር ድምፁም ሌላ ሆነ። ሚዱ ወደ ፊት ወጣ። በ1966 ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ሌስ ፖሉን ማርሻል ኮምቦ (አምፕና ስፒከር በአንድ ሳጥን) ላይ ሰክቶ፣ ስቱዲዮ ውስጥ በመድረክ ልክ አስጩሆ ቀረጸ። ጊብሰን ያኔ ሌስ ፖልን በዚያ ቅርፅ መሥራት ካቆመ ዓመታት አልፈው ነበር፤ በ1968 መልሶ ጀመረው። ጥንዱ እስከ ዛሬ የሮክ መለኪያ ነው። የሃምባከሩ ሚድና የአምፑ ሚድ ተደራርበው፣ ከድራምና ከቤዝ ጊታር መሃል ሊድ ጊታር ሳይጮህ ይለያል።

ስትራትና ማርሻልም አይጣሉም። በዚህ ጥንድ የተጫወተውን ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስን የሰማ ሰው ይህን ያውቃል። ስትራት የጎደለውን ውፍረት አምፑ ይሞላለታል፤ አምፑ ያጣውን ጥራት ስትራቱ ይሰጠዋል። ጌይኑ ሲበዛ እምምታው አብሮ እንደሚመጣ ግን ቀድማችሁ ተቀበሉ።

ቮክስ ኤሲ 30 አራት ኢኤል 84 ቲዩብና ሁለት 12 ኢንች ስፒከር ይዞ 30 ዋት ይሰጣል። ታናሹ ኤሲ 15 በ15 ዋት ያንኑ ጸባይ ይዟል። ትሬብሉ የሚያብለጨልጭ ነው፤ ሲሻክርም ቀስ ብሎ ነው። ስትራት በድልድዩ ፒክአፕ ሲሰካበት ጆሮ ሊወጋ ይችላል። ‘ከት’ የሚባለው ኖብ ትሬብሉን ይቀንሳል፤ ተጠቀሙበት። ጊታሪስቱ ሮሪ ጋላገር ግን በዚሁ ጥንድ፣ በስትራትና በኤሲ 30፣ ድንቅ ሙዚቃ ሠርቷል። ስለዚህ ‘አይሆንም’ አልልም፤ ‘ጥንቃቄ ይፈልጋል’ ነው የምለው።

ሌስ ፖልና ቮክስ ግን የእኔ ምርጫ ነው። ጥቁር ቡና ላይ ትንሽ ስኳር እንደማለት ነው፤ የሃምባከሩ ጨለማ በአምፑ ብርሃን ይከፈታል። ኮርድ ስትመቱ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል።

ፒአርኤስ ከሦስቱም ጋር ይሄዳል። አምፑን የምትመርጡት በጊታሩ ሳይሆን በምትጫወቱት ሙዚቃ ነው ማለት ነው።

ቲዩብ ግድ አይደለም። ሮላንድ ጄሲ 120 ከ1975 ጀምሮ በትራንዚስተር የሚሠራ አምፕ ነው፤ ንጹሕ ድምፅን በተመለከተ ብዙ የቲዩብ አምፕ አይደርስበትም። ዲስቶርሽኑን ግን አትመኩበት፤ ፔዳል ግዙ።

ዋቱ

የእኔን ሁለት ዓመት የበላው ይህ ስለሆነ ቆም ብላችሁ አንብቡት።

ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በእጥፍ አይጨምርም። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ስትሄዱ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ‘ትንሽ ጨመረ’ ይለዋል። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማችሁ ዋቱ 10 እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ስለዚህ 10 ዋት አምፕ የ100 ዋቱን ግማሽ ያህል ይጮሃል፤ ያ ደግሞ ለመኖሪያ ቤት ከበቂ በላይ ነው።

ስፒከሩም እንደ ዋቱ ይቆጠራል። ሁለት ስፒከሮች አንዱ 97፣ ሌላው 100 ዴሲቤል ተብሎ ከተጻፈባቸው፣ ሁለተኛውን መግጠም የአምፑን ዋት እጥፍ እንደማድረግ ነው።

ታዲያ ትልቅ አምፕ ለምን ይሠራል? ሳይሻክር ከፍ እንዲል ነው። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ 85 ዋት ነው። ከድራመር ጋር ቆሞ ድምፁ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀር ለሚፈልግ ሰው ልክ ነው። ሻካራ ድምፅ የምትወዱ ከሆነ ግን ተቃራኒውን አስቡ፤ አምፑ ቶሎ እንዲጨናነቅ አነስ ያለ ይሁን። ለቤት 5 ዋት ወይም ከዚያ በታች፣ ለልምምድና ለትንሽ መድረክ ከ15 እስከ 30 ዋት ይበቃል። ትልቁ መድረክ ላይ አምፑ ፊት ማይክ ይቆማል።

ጎረቤት ግድግዳ የሚጋራችሁ ከሆነ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። ከታፈነ ትልቅ የቲዩብ አምፕ ጥሩ ዲጂታል ሞዴለር (የአምፕን ድምፅ አስመስሎ የሚያወጣ መሣሪያ) ይሻላል። ኬምፐር በ2011፣ ሂሊክስ በ2015 ከወጡ ወዲህ ይህ ዓይነት መሣሪያ በጣም ተሻሽሏል። በሄድፎን ሌሊት ሙሉ ትጫወታላችሁ። ጣት ሥር የሚሰማው ምላሽ ከጮኸ ስፒከር ፊት እንደመቆም አይሆንም፤ የተቀረጸውን ስትሰሙት ግን ልዩነቱን መለየት ይቸግራል።

ከመክፈላችሁ በፊት

መጀመሪያ ጊታሩን ሳትሰኩ ተጫወቱ። ፍሬት የሚንጫረር ከሆነ፣ ቀጭኑ ክር ከጠርዙ የሚንሸራተት ከሆነ ያኔ ይታወቃል። አምስት ስድስት ጊዜ ቤንድ አድርጉና ቃኙን መልሳችሁ ለኩ።

ከዚያ አምፑን በቤታችሁ ድምፅ ልክ ሞክሩት። የሱቅ ሠራተኛ አስጩሆ ቢያሰማችሁ አይጠቅማችሁም። አምፑ እግራችሁ ሥር ከሆነ ወንበር ላይ አውጡት። የስፒከር ትሬብል እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥታ ነው የሚሄደው፤ ከላይ ቆማችሁ ስትሰሙት ደብዛዛ መስሏችሁ ትሬብል ትጨምራላችሁ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ግን ጆሮውን ይይዛል። ሙከራ ስትሄዱ ሁልጊዜ የራሳችሁን ጊታር ይዛችሁ ሂዱ።

ከሌላ አገር የመጣ አምፕ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚለውን 230 ቮልት ላይ መሰካት ያቃጥለዋል። ሄድና ካቢኔት (አምፑንና የስፒከር ሳጥኑን) ለየብቻ ከገዛችሁ ኦሙ ይመሳሰል፤ ካቢኔቱ 8 ኦም ከሆነ ሄዱ ላይም 8 የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ሰኩት። የቲዩብ አምፕን ስፒከር ሳይሰካ አብርታችሁ አትጫወቱበት፤ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ውስጡንም ራሳችሁ አትክፈቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ገዳይ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

እኔ ያንን ሌስ ፖል እስከ አሁን አልሸጥኩትም። 100 ዋቱን ትልልቅ መድረክ ለሚጫወት ልጅ ሸጥኩለት፤ እሱ ጋ በትክክለኛ ቦታው ነው። በገንዘቡ ኤሲ 15 ገዛሁ። ማታ ማታ የአምፑን ቮልዩም ከግማሽ ሳላሳልፍ፣ የጊታሩን ኖብ 6 ላይ አድርጌ እጫወታለሁ። ሊድ ሲመጣ ወደ 10 አወጣዋለሁ።