የአባታችንን ዓይን ላተረፈችው የቲቢ ክፍል ነርስ ምስጋና

በጉለሌ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ውስጥ ለምትሠራ ነርስ በቤተሰባችን ስም በአደባባይ ምስጋና ማቅረብ እፈልጋለሁ። ስሟን እንዳልጠቅስ አደራ ስላለችኝ «ሲስተር» ብቻ እያልኩ እጠራታለሁ። ሥራዋን በዝርዝር የምጽፈው ግን አባታችንን የገጠማቸው ነገር የቲቢ መድኃኒት የሚወስድን ማንኛውንም ሰው ሊገጥም ስለሚችል፣ በጊዜ ከተደረሰበትም አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስ በመሆኑ ነው።

አባታችን ዕድሜያቸው የገፋና ለረጅም ዓመታት ከደም ግፊት ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። የሳንባ ቲቢ ተገኝቶባቸው ሕክምና ከጀመሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሁለቱም እግሮቻቸው ጣቶችና ውስጥ እግር ላይ የመደንዘዝና የማቃጠል ስሜት ጀመራቸው። ማታ ማታ ጉንዳን የሚወራቸው ያህል ስለሚሰማቸው ብርድ ልብሱ እንኳ እግራቸውን እንዲነካቸው አይፈልጉም ነበር። ቆየት ብሎ ደግሞ ዓይናቸው ብዥ ይል ጀመር፤ አይቀላም፣ አያማቸውም፣ እንባ አይወጣውም፣ ነገር ግን ጽሑፍ ማንበብ በየቀኑ እየከበዳቸው ሄደ። የሄድንበት አንድ የግል ክሊኒክ ሁሉንም ከዕድሜ ጋር አያይዞ ማስታገሻ ሰጥቶ አሰናበተን፤ አንድ መነጽር ቤት ደግሞ ዓይናቸው ጤነኛ መሆኑን ነግሮን መነጽራቸውን ለወጠ። አዲሱ መነጽር ምንም ለውጥ አላመጣም። በሁለቱም ቦታ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ሲስተር ያደረገችው ይህንኑ ነው። መድኃኒታቸውን ሊወስዱ በሄዱበት ቀን አረማመዳቸው መለወጡን አይታ አስቀመጠቻቸውና አንዱን ዓይናቸውን በእጃቸው እያስከደነች ግድግዳው ላይ ያለውን የዓይን መመርመሪያ ሰንጠረዥ አስነበበቻቸው። ከዚያ «አባባ፣ ቀይ ነገር እንደ ድሮው ቀይ ሆኖ ይታይዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። አባታችንም ሰሞኑን ወጡ ሁሉ አልጫ እየመሰላቸው በርበሬ አነሰ ብለው ከእናታችን ጋር እንደሚነጋገሩ ነገሯት። በርግጥም እናታችን በርበሬውን አልቀነሰችም ነበር። ሲስተር ይህን እንደሰማች የዕለቱን መድኃኒት ሳትሰጣቸው ከጤና መኮንኑ ጋር ተነጋግራ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ስምና መጠን በሪፈር ወረቀቱ ላይ ጽፋ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል አስላከቻቸው።

በሆስፒታል የተነገረን እንዲህ ነው። የቲቢ ሕክምና በተለመደው አሠራር 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል የተባሉት አራት መድኃኒቶች በአንድ ክኒን ተቀላቅለው ይሰጣሉ፤ በቀሪዎቹ 4 ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ ይቀጥላሉ። አይሶኒያዚድ ነርቮች የሚያስፈልጋቸውን ቫይታሚን ቢ 6 ያሳጣል፤ ጉዳቱም ከሁሉም ረጅም በሆኑት፣ ወደ እግር በሚወርዱት ነርቮች ይጀምራል። ኢታምቡቶል ደግሞ የዓይንን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ምልክቱም ሕመም የሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ዓይን የሚመጣ ብዥታና ቀይንና አረንጓዴን የመለየት ችግር ነው። በመጀመሪያው ደረጃ የዓይን ውስጠኛው ክፍል በመሣሪያ ሲታይ ጤነኛ ሊመስል ስለሚችል፣ የቀለም ምርመራ ካልተደረገ በቀላሉ ያመልጣል። የመነጽር ቤቱ «ጤነኛ ነው» ማለትም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ስለዚህ እኛ አንድ በሽታ ነው ብለን ስንጨነቅበት የነበረው ነገር የሁለት መድኃኒቶች ሁለት ጉዳት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ወደዚህ የደረሱት ግን ሌላውን ሳያዩ አይደለም፤ ስኳር የእግርን ነርቭም የዓይንን ጀርባም ስለሚጎዳ ስኳራቸው ተለካ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ተመሳሳይ ስሜት ስለሚያመጣ እሱም ታየ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራም ተደረገ። ያልጠበቅነው መልስ የመጣው ከኩላሊት ምርመራው ነው፤ ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ክሬቲኒን የተባለ ቆሻሻ በደማቸው ውስጥ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ይህም ኩላሊታቸው መድከሙን የሚያሳይ ነው። ኢታምቡቶል በአብዛኛው በኩላሊት በኩል የሚወጣ በመሆኑ፣ ኩላሊት ሲደክም በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። በአይሶኒያዚድ ምክንያት ለሚመጣ የነርቭ ጉዳትም ከኩላሊት ሕመምተኞች በተጨማሪ ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር ሕመምተኞች፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች፣ በምግብ እጥረት የተጎዱና መጠጥ የሚያዘወትሩ ሰዎች ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ኢታምቡቶል ወዲያውኑ ቆመ፣ ቫይታሚን ቢ 6 ታዘዘላቸው፣ ቀሪዎቹ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ለኩላሊታቸው በሚስማማ መንገድ ቀጠሉ። በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል በነጠብጣብ የተሠሩ ቁጥሮችን እያስነበቡ የተከታተሏቸውን ባለሙያዎችም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ አባታችን ያለ ረዳት ያነባሉ፤ የእግራቸው ማቃጠል ቀንሷል፣ መደንዘዙ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም፤ ነርቭ ለመዳን ጊዜ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ተነግሮናል።

የቲቢ መድኃኒት የምትወስዱ ወይም የምታስታምሙ ወገኖች፣ ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ቢያደርግ አትደንግጡ፤ ጉዳት የለውም። ዓይን ብዥ ካለ ወይም የቀለም መደብዘዝ ካለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ቲቢ ክፍላችሁ ሂዱ። መድኃኒቱን በሙሉ በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡ፤ በሽታው መድኃኒት ወደተላመደ ቲቢ ሊለወጥ ይችላል። ብዥታው ወይም መደንዘዙ በድንገትና በአንድ ጎን ከመጣ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ደግሞ የጭንቅላት ደም ሥር ችግር ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል።

ሲስተር ያለችበት ጤና ጣቢያ እንደማንኛውም የመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ ሕክምና በነጻ ይሰጣል፤ በጠዋት ከደረሳችሁ ወረፋው ይቀላል። በአካባቢው ያላችሁና በታካሚዎቿ ላይ ዓይኗን የማትነቅል ባለሙያ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የጤና ጣቢያውን ስምና የክፍሉን ቁጥር እነግራችኋለሁ።