ሞርጌጁ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሁለተኛ ቤት፦ ካሽአውት፣ ሄሎክ ወይስ አዲስ ብድር?

አሜሪካ ውስጥ 500,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት አለዎት እንበል። የቀረዎት ዕዳ 40,000 ዶላር፣ ወለዱ 3.25 በመቶ፣ ጊዜው አራት ዓመት ነው። አሁን 300,000 ዶላር የሚያወጣ ሁለተኛ ቤት መግዛት ፈልገዋል። ለአዲስ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) 7፣ ለሄሎክ (ቤትን አስይዞ በተፈለገ ጊዜ የሚወጣ ብድር) 8 በመቶ ወለድ ይዘን እናስላ፤ ባንክዎ ሌላ ቁጥር ከሰጠዎት እሱን ይተኩ።

ባንኮች በሚኖሩበት ቤት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበድሩት እስከ 80 በመቶ ነው። ያ 400,000 ዶላር ነው፤ ቀሪው ዕዳ ሲነሳለት 360,000 ይተርፋል። የሁለተኛውን ቤት ሙሉ ዋጋ ይሸፍናል። እንግዲህ መወሰን ያለበት ዕዳውን የትኛው ቤት ይሸከም የሚለው ነው።

ካሽአውት ሪፋይናንስ

አሮጌው ብድር ተዘግቶ በምትኩ 340,000 ዶላር አዲስ ብድር ይገባል፤ 300,000ው በእጅዎ ይሰጥዎታል። ለ30 ዓመት በወር 2,262 ዶላር ገደማ ነው። አንድ ብድር፣ አንድ ክፍያ፣ የማይለዋወጥ ወለድ፤ ለዚህ ነው ብድር ሻጮቹ የሚወዱት። ጉዳቱ ያለው በቀረችው 40,000 ላይ ነው። ባለችበት ብትቀጥል እስክታልቅ የምትበላው ወለድ ወደ 2,700 ዶላር ብቻ ነው። ወደ አዲሱ ብድር ስትቀላቀል ግን በ30 ዓመት ወደ 55,800 ዶላር ወለድ ታስከፍላለች። «3.25 በመቶዬን አላጣም» የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው፣ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነው፦ በትንሽ ቀሪ ዕዳ ላይ የወለድ ልዩነቱ በዓመት 1,500 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከባዱን ጉዳት የሚያመጣው አራት ዓመቱ ወደ 30 መለጠጡ ነው። ካሽአውት የግድ ከሆነ የ15 ዓመት ይውሰዱ፣ ወይም ድሮ ይከፍሉት የነበረውን 890 ዶላር በየወሩ በዋናው ላይ ይጨምሩ። የክሎዚንግ (የብድሩ መፈራረሚያ) ወጪው ደግሞ የሚሰላው በጠቅላላው 340,000 ላይ ነው።

ሄሎክ እና ሆም ኢኩቲ ሎን

ሄሎክ አሮጌውን ብድር አይነካም። በብዙ ባንኮች ለ10 ዓመት እንደፈለጉ ያወጣሉ፣ ወለዱን ብቻ ይከፍላሉ፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ከወለዱ ጋር በ20 ዓመት ይከፈላል። 300,000ውን በሙሉ ቢያወጡ መጀመሪያ በወር 2,000 ዶላር ነው፤ ከ10 ዓመት በኋላ ወለዱ ምንም ሳይጨምር እንኳ 2,509 ይደርሳል። ወለዱ ደግሞ ከፕራይም ሬት (የባንኮች መነሻ ወለድ) ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ 2 ነጥብ ቢጨምር 2,000ው 2,500 ይሆናል። ሌላም አለ፦ የቤቱ ዋጋ በጣም ከወረደ ባንኩ ያልወጣውን ገንዘብ የማገድ መብት አለው። ሆም ኢኩቲ ሎን ገንዘቡን በአንድ ጊዜ፣ በማይለወጥ ወለድ ይሰጣል፤ ለ15 ዓመት በ8 በመቶ 2,867 ዶላር በወር ነው። ከጡረታ በፊት ለመጨረስ ለሚፈልግ ይስማማል፣ ገቢው ከቻለው።

ቴክሳስ የሚኖሩ ልብ ይበሉ፦ እንዲህ ያለ ብድር ሲወሰድ በመኖሪያ ቤት ላይ ያለው ጠቅላላ ብድር ከቤቱ ዋጋ 80 በመቶ እንዳያልፍ የግዛቱ ሕገ መንግሥት ይከለክላል፣ ከማመልከቻው በኋላም 12 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው።

አዲሱ ቤት የራሱን ዕዳ ሲሸከም

በፋኒ ሜይ (ሞርጌጆችን ከባንኮች የሚገዛው ድርጅት) ደንብ ለሁለተኛ መኖሪያ ትንሹ ቅድመ ክፍያ 10 በመቶ ነው፣ ለሚከራይ ባለ አንድ ቤተሰብ ቤት 15። ከወለዱ በተጨማሪ ግን በሁለተኛ መኖሪያ ላይ የሚጣል ክፍያ አለ፦ 20 በመቶ ከፍለው ቢገቡ የብድሩ 3.375 በመቶ፣ 25 ቢከፍሉ 2.125 በመቶ ነው። በእኛ ምሳሌ 240,000 ሲበደሩ 8,100 ዶላር፣ 225,000 ሲበደሩ 4,781 ዶላር ማለት ነው። 15,000 ዶላር ጨምሮ 3,300 ማትረፍ መጥፎ ንግድ አይደለም። ይህ ክፍያ ብዙ ጊዜ ወለዱ ውስጥ ተደብቆ ስለሚመጣ አበዳሪውን ለይቶ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ።

የእኛ ምርጫ፣ አሜሪካ ውስጥ ለሚገዛ፣ ይህ ነው፦ 75,000ውን ከሄሎክ አውጥቶ ቅድመ ክፍያ ማድረግ፣ 225,000ውን በአዲሱ ቤት ላይ መበደር። ሄሎኩ በወር 500፣ ሞርጌጁ 1,497 ዶላር ነው፤ ገንዘብ በተገኘ ቁጥር ሄሎኩን ቶሎ መጨረስ ይቻላል። አበዳሪው ሁሉንም ክፍያዎች፣ ግብርና ኢንሹራንስ ጨምሮ፣ ከግብር በፊት ካለው ገቢዎ ጋር ያነጻጽራል፤ ከ45 በመቶ በላይ ሲሆን ፋይሉ ይከብዳል። ሄሎኩን አስቀድመው ይክፈቱ፣ በተለይ ሥራ ከመቀየር ወይም ጡረታ ከመውጣት በፊት። በሞርጌጁ ሂደት መሀል ተደብቆ መክፈት አይሠራም፤ ከክሎዚንግ በፊት ክሬዲት (የብድር ታሪክዎ) እንደገና ይታያል።

ዓመቱን ሙሉ ሊያከራዩት አስበው «ሁለተኛ መኖሪያ» ብለው አይፈርሙ፤ ያ የብድር ማጭበርበር ነው። ዱፕሌክስም (ለሁለት ቤተሰብ የተሠራ ቤት) በሁለተኛ መኖሪያ ምድብ አይገባም።

ግብር

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሞርጌጅ ወለድ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ የሚቀነሰው ብድሩ በተያዘበት ቤት ላይ ሲውል ነው። በመጀመሪያው ቤት ሄሎክ ሁለተኛ መኖሪያ ከገዙ ያ ወለድ አይቀነስም፤ በአዲሱ ቤት ላይ የተያዘው ሞርጌጅ ወለድ ግን ይቀነሳል። ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ወጪ ሳይዘረዘር ከገቢ የሚቀነስ ቁርጥ መጠን) ለሚወስድ ቤተሰብ ልዩነቱ ምንም ነው፤ ለባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ2025 31,500 ዶላር ስለነበር ብዙ ሰው እዚያ ውስጥ ይወድቃል።

አዲስ አበባ ለሚገዛ

የአሜሪካ ባንክ የአዲስ አበባን ቤት በመያዣነት አይቀበልም፤ ስለዚህ የሚቀረው እዚህ አሜሪካ ያለው ቤት ነው። ክፍያው እንደ ግንባታው ደረጃ ከሆነ ሄሎክ ከካሽአውት ይሻላል፦ ያልወጣ ገንዘብ ወለድ አይቆጥርም። አልሚው ሲዘገይ ግን የወጣው ይቆጥራል። የኪራይ ገቢው በብር፣ ዕዳው በዶላር መሆኑም አይረሳ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አልፏል። ክፍያውን ከደመወዝ መክፈል የማይችል ሰው በኪራዩ ተማምኖ አይግባበት።

አንድ ትንሽ ነገር፦ አሮጌው ሞርጌጅ ሲያልቅ ኤስክሮው (አበዳሪው ግብርና ኢንሹራንስ የሚከፍልበት ሂሳብ) አብሮ ይዘጋል። የቤት ግብሩና የኢንሹራንሱ ሂሳብ በቀጥታ ወደ እርስዎ ይመጣል፤ ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ ሄሎክ የሰጠው ባንክ ውድ ኢንሹራንስ በእርስዎ ወጪ ይገዛል።