ብቻውን በመርከብ ለሚሄድ ሰው፦ ደሴ ያለችውን እህታችንን አመስግነን እንጠቁማችሁ

ይህን የጻፍነው ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ የምንኖር ደንበኞቿ ተመካክረን ነው። ፒያሳ አካባቢ በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ የምትሠራ እህታችን አለች። ስሟ አደባባይ ላይ እንዲወጣ ስለማትወድ አልጠቀስነውም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ለእናት ወይም ለአባት የቅንጦት መርከብ ጉዞ ገዝተው ሲልኩ፣ ወይም ጡረታ የወጣ ሰው "እስቲ ባሕር ልይ" ብሎ ሲነሳ፣ ትኬት የሚቆርጥ ሞልቷል። ሰውየው ብቻውን ወደብ ላይ ወርዶ በሰዓቱ እንዲመለስ፣ ማታም ራት ክፍል በር ላይ ቆሞ ግራ እንዳይገባው አድርጎ የሚያሰናዳ ግን ከእሷ ሌላ አላየንም።

ሁለት ሆነው የሄዱ ሰዎች አንዱ ቢዘናጋ ሌላው ያስታውሰዋል። ብቻውን የሄደ ሰው ኪሱ ውስጥ ካለው ወረቀት በቀር አስታዋሽ የለውም። እሷ የምትሠራው ያንን ወረቀት ነው።

ለእያንዳንዱ ወደብ አንድ ወረቀት ነው፤ የኤፎር ግማሽ፣ በትልልቅ ፊደል በአማርኛ የተጻፈ፣ ላብና ዝናብ እንዳያበላሸው በፕላስቲክ የተለበጠ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የመጨረሻው የመሳፈሪያ ሰዓት በሁለት ዓይነት ሰፍሯል፦ "17፡30፤ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል"። ከሥሩ የመርከቡ ስም አለ፣ ከዚያም የባቡሩ ወይም የአውቶቡሱ መሄጃና መመለሻ። ጀርባው ላይ "እባክዎ ወደ መርከብ ወደቡ ያድርሱኝ" የሚል ዓረፍተ ነገር በአገሩ ቋንቋ ስላለ ለታክሲ ነጂ ማሳየት ብቻ ነው። ግርጌው ላይ ባዶ ሣጥን ትተዋለች። በየዋዜማው ማታ ወደ ክፍላችሁ በሚመጣው የቀን ፕሮግራም ላይ የወደብ ወኪሉ፣ ማለትም በዚያ ወደብ መርከቡን የሚወክለው ሰው፣ ስልክ ይታተማል፤ ሣጥኑ ውስጥ እሱን በእጅ ገልብጣችሁ ነው የምትወርዱት። ከመርከብ ከቀራችሁ መጀመሪያ የሚደወለው ወደዚያ ስልክ ነው።

ሰዓቱን ለምን በሁለት ዓይነት እንደምትጽፈው ሌላ ቦታ ስለማይነገር እኛ እናስረዳ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሰዓት ላይ ሲሆን ስህተቱም በሦስት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር የ6 ሰዓት ልዩነት ነው። "17፡00" የሚለውን አይቶ 7 ሰዓት የሚል ሰው አለ፤ እሱስ ቀድሞ ስለሚመለስ ጉዳት የለውም። አደጋው እዚያው መርከብ ላይ "5፡30" ተብሎ የተጻፈውን የከሰዓት ሰዓት በእኛ አምስት ሰዓት ተኩል፣ የማታ ነው ብሎ የሚያነበው ላይ ነው። ሁለተኛው የአገሮቹ ልዩነት ነው። ጣሊያን በበጋዋ ከእኛ 1 ሰዓት ወደ ኋላ ስትሆን ግሪክ በበጋዋ ከእኛ እኩል ናት። ስለዚህ ከጣሊያን ወደ ግሪክ ስትሻገሩ ሌሊት ላይ አንድ ሰዓት ይጠፋል። ሦስተኛው ስልክ ነው፤ ያገኘውን ኔትወርክ ተከትሎ ሰዓቱን በራሱ ይለውጣል። የመርከቡ ሰዓት ግን ካፒቴኑ ባወጀው ጊዜ እንጂ ስልካችሁ በፈለገው ጊዜ አይለወጥም። መፍትሔዋ የእጅ ሰዓት ነው። መርከብ ላይ በወጣችሁ ቀን በመርከቡ ሰዓት ትሞሉታላችሁ፣ ካፒቴኑ ለውጥ ባወጀ ቁጥርም ታስተካክሉታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሐበሻ ሰዓት መመንዘር ይቀራል። ለአንዲት እናት ስትነግራቸው የሰማነው ይህን ነው፦ "እማማ፣ መርከቡ የሐይቅ ሚኒባስ አይደለም፤ ሰው እስኪሞላ አይቆምም።"

መርከቡ ማን ወርዶ ማን እንደተመለሰ ያውቃል። መውጫው ላይ የክፍል ካርዳችሁ ሲነካ ይመዘገባልና። ማወቁና መጠበቁ ግን ለየቅል ነው። ሰዓቱ ሲያልፍ በክፍሉ ካዝና ያለው ፓስፖርት ተወስዶ ለወደብ ወኪሉ ይሰጥና መርከቡ ይሄዳል። እስከ ቀጣዩ ወደብ ያለው ወጪ የተጓዡ ነው። መርከቡ ራሱ ባዘጋጀው ጉብኝት የወጣችሁ እንደሆነ ግን አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት ብቻውን ለሚሄድ ሰው፣ በተለይ ከወደቡ ርቆ በሚገኝ ከተማ፣ የመርከቡን ጉብኝት እንዲገዛ ትመክራለች፤ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል።

በራሳቸው መውጣት ለሚፈልጉት ለሮም የሠራችው ወረቀት ከሁሉም ይበልጥብናል። "የሮም ወደብ" የሚባለው ቺቪታቬኪያ ሲሆን ከሮም 70 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ይህን ሳያውቅ የሚወርድ ሰው ብዙ ነው። ወደቡ ሰፊ ስለሆነ በእግር አይወጣም፤ ነፃ አውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ ወደተባለው ቦታ ያደርሳል። ከዚያ ባቡር ጣቢያው በእግር 20 ደቂቃ ገደማ ነው። የክልል ባቡር የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ግድግዳው ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን አስመትታችሁ ሰዓት ይታተምበታል። ካላስመታችሁ ትኬት ይዛችሁም ትቀጣላችሁ። ቫቲካን የሚሄድ ሰው የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ የሆነው ተርሚኒ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ባቡሩ ከዚያ በፊት ሮማ ሳን ፒዬትሮ ይቆማል፤ ጉዞው 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከጣቢያው ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በእግር ይደረሳል። መግቢያው ነፃ ነው፤ ፍተሻው ግን ረጅም ሰልፍ አለው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ስለሆነ እናቶች ነጠላቸውን ይያዙ፤ እዚያ በር ላይ ሻሽ ከሚቸረችሩት ከመግዛት ይሻላል።

ቀኑም ይታያል። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ አደባባዩ ላይ ሕዝብ የሚቀበሉበት ስለሆነ ሰውና አጥር ይበዛል። እሑድ ደግሞ የቫቲካን ሙዚየም ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር ዝግ ነው። በእነዚህ ቀናት ከሆነ ወረቀቱ በቀጥታ ወደ ተርሚኒ ይልካችኋል፤ ከዚያ ኮሎሲየም በሜትሮ (የምድር ውስጥ ባቡር) ቢ መስመር ሁለተኛው ፌርማታ ነው። የባቡር አድማ ቀን ከሆነ ግን ባቡሩን ትታችሁ የመርከቡን አውቶቡስ ነው የምትይዙት። ጣሊያን ውስጥ አድማ ቀደም ብሎ ስለሚታወጅ በዋዜማው እሷ አይታ ትልክላችኋለች።

ለመመለስ ደንቧ አንድ ነው፤ ከመሳፈሪያው ሰዓት 2 ሰዓት ቀድሞ ቺቪታቬኪያ መገኘት። 17፡30 ከሆነ 15፡30 ላይ እዚያ ናችሁ፤ ይህም ሮምን ከ14፡15 አካባቢ መልቀቅ ነው። ከመካከላችን "አበዛችው፣ ሮምን እንዳናይ አደረገችን" የሚሉ አሉ። እውነትም ቀኑ ያጥራል። ግን አንድ ባቡር ቢሰረዝ ቀጣዩ የሚመጣበትን ጊዜ ስትደምሩት 2 ሰዓት የቅንጦት አይደለም።

የግሪክ ደሴት በሆነችው ሳንቶሪኒ መርከቡ ወደብ አይጠጋም። ባሕሩ መሃል ይቆምና በትናንሽ ጀልባዎች ትወርዳላችሁ። የመጨረሻዋ ጀልባ የምትነሳበት ሰዓት መርከቡ ከሚሄድበት ሰዓት ስለሚለይ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የጀልባዋ ነው። ከታች ወደ ከተማዋ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ኬብል መኪና አለ፤ ደረጃውም ከ580 በላይ ነው። ብዙ መርከብ በተጠራቀመ ቀን ኬብሉ ላይ ሲወርዱ ያለው ሰልፍ ሲወጡ ካለው ይብሳል። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ለመውረድ ሰዓት ሳይጨናነቅ ቀድሞ ይሰለፍ።

ማታውን በተመለከተ ብቻውን የሄደ ሰው የሚፈራው ራት ነው። ቀን ከተማ ለከተማ ሲዞር ብቸኝነቱ አይታወቀውም፤ ማታ የሁለት ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን ይሰማዋል። እሷ ገና ጉዞው ሲያዝ በመርከቡ ፎርም ላይ "የጋራ ጠረጴዛ" የሚለውን ታስሞላለች፤ ያም ባይሆን በመጀመሪያው ማታ ለራት ክፍሉ ኃላፊ በቃል እንድትናገሩ ዓረፍተ ነገሩን ጽፋ ትሰጣለች። በቅንጦት መርከቦች ላይ አንዳንድ ማታ መኮንኖቹ ራሳቸው ጠረጴዛ ይይዙና ብቻቸውን የመጡትን ይጋብዛሉ። በቀን ፕሮግራሙ ላይም ብቻቸውን የሚጓዙ ሰዎች የሚገናኙበት ሰዓት ይወጣል። የመጀመሪያው ማታ ያልሄደ ሰው በኋላ መግባት ይከብደዋል፤ ሰው ወዲያው ቡድን ቡድኑን ይይዛልና።

ምግቡ ላይ ሙያዋ በደንብ ይታያል። ለጾመኛ "ቬጀቴሪያን" ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ እንቁላል፣ ወተትና አይብ ይመጣላችኋል። የሚጻፈው "ቪጋን" ነው። ለሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ሐላል ሥጋ ሁሉም መርከብ ላይ ስለማይገኝ ከጉዞው በፊት በጽሑፍ ጠይቃ ምላሹን በእጃችሁ ትሰጣለች፤ የለም ከተባለ ዓሣና አትክልት እንዲመደብ ታስደርጋለች። ሁለቱም ላይ የነገውን ምግብ ዛሬ ማታ መርጦ ማዘዝ ነው፤ ወጥ ቤቱ በዚያች ሌሊት ስለሚያሰናዳው። እዚያው ደርሶ የሚጠይቅ ሰው ሰላጣና ፓስታ ሲበላ ይከርማል።

ልብስ ላይ ብዙ አትጨነቁ። መደበኛ አለባበስ በሚጠየቅበት ማታ የሐበሻ ቀሚስ በክብር ያስገባል፤ ለወንዱም ሙሉ የአገር ልብስ ወይም ጥቁር ኮት ከክራባት ጋር። ካውያ ግን አትያዙ፤ ለእሳት አደጋ ተብሎ ሲገባ ይወሰድባችኋል። ሻማ፣ ዕጣንና የኤሌክትሪክ ምድጃም እንደዚያው ስለሆነ ጀበና ይዞ መሄድ ትርፉ ሸክም ነው። ቋንጣና ቅቤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር አይገባም። ቆሎ ያዙ።

የመጀመሪያው ቀን የደኅንነት ልምምድ ግዴታ ነው። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው የመንገደኞች መርከብ በጥር 2012 (እ.ኤ.አ.) ከተገለበጠች ወዲህ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ይደረጋል። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ጥሩምባ ከሰማችሁ የምትሄዱበት ቦታ ካርዳችሁ ላይ ተጽፏል።

ስለ ገንዘብ። የክፍል ዋጋ የሚወጣው ለሁለት ሰው ተብሎ ስለሆነ ብቻውን የሚይዝ ሰው የነጠላ ጭማሪ ይከፍላል፤ አንዳንዴ ሙሉ የሁለት ሰው ዋጋ ይሆናል። ማስታወቂያ ላይ "በሰው 2000 ዶላር" ተብሎ ቢሮ ሲደረስ 4000 የሚሆነው በዚህ ነው። እሷ መጀመሪያ የምትናገረው የመጨረሻውን ዋጋ ነው። የነጠላ ክፍል ያላቸውንም ትፈልጋለች፤ ኖርዌጂያን ኤፒክ የተባለው መርከብ በ2010 (እ.ኤ.አ.) 128 የነጠላ ክፍሎች ይዞ ከወጣ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። እንደ ሲልቨርሲና ሲቦርን ያሉት የቅንጦት መርከብ ኩባንያዎች ጉርሻውንና አብዛኛውን መጠጥ ዋጋው ውስጥ ስለሚያካትቱ ርካሽ ከሚመስለው ጋር ስታወዳድሩ ያንን ደምሩበት። መርከቡ ለወጪያችሁ መያዣ ካርዳችሁ ላይ ገንዘብ ያግዳል፤ የታገደው እስኪለቀቅ ቀናት ይፈጃል። ካርዱ ላይ ያለው ጥቂት ከሆነ በእንግዳ መቀበያው ጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ይቻላል። ስልካችሁን ባሕር ላይ በበረራ ሁነታ አድርጉት፤ የመርከቡ የሳተላይት ኔትወርክ ሒሳብ ያስደነግጣል።

ቪዛ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንንገራችሁ። ጉዞው ቱርክ ገብቶ ወደ ግሪክ ወይም ጣሊያን የሚመለስ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ (ጣሊያንንና ግሪክን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሠራው) አይበቃም፤ ደጋግሞ የሚያስገባው ያስፈልጋል። ለቱርክ ራሱ ምን እንደሚያስፈልግ ከመርከቡ ኩባንያ በጽሑፍ ታስመጣለች። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የልደት ቀናችሁንና የስማችሁን አጻጻፍ በፓስፖርቱ ግርጌ ካለው የማሽን መስመር ጋር ፊደል በፊደል ታመሳክራለች።

ጉድለቷንም እንናገር። ለጉዞው ከ3 ወር ያነሰ ጊዜ ሲቀረው የሚመጣን ሰው አትቀበልም፤ ብትለምኗትም አትለሳለስም። መልእክት ዘግይታ ነው የምትመልሰው፤ ሰኞ ደግሞ ገበያተኛው ስለሚበዛ ቢሮዋ መግባት አይቻልም። የኮምቦልቻ በረራ በአየር ጠባይ ሊዘገይ ስለሚችል 2 ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ እንድትገቡ ታስገድዳለች፤ የሆቴሉን ወጪ የማይወድ ሰው ያኮርፋል።

እህታችን፣ ፈጣሪ ያክብርሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ወደ እሷ የምትሄዱ ፓስፖርታችሁን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ስም ዝርዝርና ልጆቻችሁ የላኩላችሁን የመርከብ ማረጋገጫ ወረቀት አትማችሁ ያዙ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ሂዱ።