ጠባሴ ያለችው ጀበና ቡና፦ ስለ ቡናዋ፣ ስለ ክርክሯና ስለ ምርጫ ካርድ

በቡናው ልጀምር፣ ቤቷን የወደድኳት መጀመሪያ በሱ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች አንድ ክፍል ናት። ታፔላ የላትም። ቡናው ዓይናችሁ እያየ ተቆልቶ፣ እዚያው ተወቅጦ ነው የሚፈላው። ትናንት የተወቀጠ ዱቄት አይቀርብም። ጤና አዳም ለፈለገ ይደረግለታል፤ ስኳርም ሳትጠየቁ አይጨመርባችሁም። ከቡናው ጋር የሚመጣው የገብስ ቆሎ ሱፍ የተቀላቀለበት ነው፤ ገብሱ የዚሁ የኛ አገር ገብስ ነው፣ በደንብ ፈክቶ ስለሚቆላ ጥርስ አያስቸግርም። ጠዋት ለሚመጣ ቂንጬ አለ፣ ቅቤ አይሰሰትበትም። በኛ ብርድ ጋቢ ደርቦ ከሰሉ አጠገብ ተቀምጦ ትኩስ ቂንጬ መብላት ምን እንደሚመስል የደብረ ብርሃን ሰው ያውቀዋል፣ አልተርክላችሁም።

ጉድለቷንም ልንገራችሁ። ዱካዎቹ በጣም ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይቸገራል። ሲበርድ በሩ ስለሚዘጋ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ሰው ሲበዛ ስኒ ያልቅና ታጥቦ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። እጅ መታጠቢያው ውጭ ነው፤ ውሃ የሚጠፋበት ቀንም አለ። ዋጋው ግን መነኻሪያ አካባቢ ካሉት ይቀንሳል።

ይህች ቤት ግን የምትታወቀው በክርክሯ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ጡረታ የወጣው፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ ሁሉም እዚህ ይገናኛል። አንዱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ በቃሉ ይጠራል፣ ሌላው ከኑሮ ውድነቱ ይነሣና ሳናስበው ምኒልክ ጋ ያደርሰናል። የአንገት ሥር ይገታተራል፣ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ቢሆንም ተጣልቶ የወጣ ሰው አላየሁም። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ስድብ አይፈቅዱም። በዚህ ዘመን እንዲህ ተቃራኒ ሐሳብ ይዞ አንድ ጀበና ዙሪያ መቀመጥ ትልቅ ነገር ነው።

ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ታዲያ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች እንዲህ እየተከራከሩ፣ ምርጫ ሲመጣ ሄደው ድምፅ ይሰጣሉ ወይ?

በ2013 የስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሰሞን ነገሩን በቅርብ አይቼዋለሁ። ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ነገሩ ያለቀው ከዚያ በፊት መሆኑን ነው፤ ምዝገባው ከምርጫው ቀን ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ተዘግቷል። ካርድ ያላወጣ ሰው ሰኔ 14 ቀን እንደ እሳት ቢነድ ምንም ማድረግ አይችልም። ምዝገባው ሲጀመር ደግሞ ገና የምርጫ ሙቀት የለም፣ ሰው ነገ እሄዳለሁ ይላል፣ ነገ ገበያ ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ ለቅሶ ይኖራል። በአገር ደረጃም መጀመሪያ ላይ የተመዝጋቢው ቁጥር አነስተኛ ስለነበር ምርጫ ቦርድ ቀኑን ለማራዘም ተገዷል፣ በመጨረሻ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ።

እዚህ ቤት ከሚመጡት ሁሉ ፖለቲካ የሚያውቅ ማነው ብትሉኝ አንድ ወጣት አሳያችሁ ነበር። የፓርቲዎቹን ፕሮግራም አንብቧል። የቴሌቪዥን ክርክር አያመልጠውም። ማን ከማን ጋር ተጣምሮ መቼ እንደተለያየ ይነግራችኋል። ካርድ ግን አላወጣም። ለምን ሲባል «መታወቂያዬ የመንዝ፣ የመሐል ሜዳ ከተማ ነው፣ እዚህ አይመዘግቡኝም» አለ። ደብረ ብርሃን ሥራ ከያዘ ዓመታት አልፎታል! የምርጫ አዋጁ፣ 1162/2011 ማለት ነው፣ የሚጠይቀው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖሩን ነው። መታወቂያ ለሌለውም በሌላ ማስረጃ ወይም በሰው ምስክርነት የሚመዘገብበት መንገድ አለ። ያን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ ይችን አያውቅም ነበር፤ ሄዶም አልጠየቀም። በጣም አሳዘነኝ። ልጁን ብቻ መውቀስ ግን አልፈልግም፤ ቀኑን ሙሉ በስልኩ የሚሰማው ማን ምን አለ የሚለውን ነው፣ አንተ የት ሄደህ፣ ምን ይዘህ ትመዘገባለህ ብሎ የሚነግረው የለም።

ጭራሽ አልመርጥም የሚሉም አሉ፤ እነሱን ከሰነፍ ጋር አልደምራቸውም። በ2002 ከ547ቱ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ፣ በ2007 ደግሞ 547ቱንም ጠቀለሉት። ይሄን ያየ ሰው ድምፄ ምን ይለውጣል ቢል ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም። አለመምረጥም አቋም ነው። እዚህ ቤት የሚመጣ አንድ አስተማሪ እንዲህ ነው፤ ምዝገባው ገና ሳይጀመር ነው አልመርጥም ብሎ ምክንያቱን የዘረዘረው፣ እኔ ባልስማማም አከብረዋለሁ። አንዳንዶች ግን ነገ ዛሬ ሲሉ ምዝገባው ካለፈ በኋላ ነው «ድሮስ ምን ሊረባኝ» የሚሉት። ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ አንድ ላይም ሊቆጠሩ አይገባም።

ዕድሜያቸው የገፋው ደግሞ ሌላ ናቸው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ሌሊት ተነሥተው የተሰለፉበትን ዛሬም ሲያወሩት ፊታቸው ይበራል። ከዚያ በኋላ የመጣው እስራትና ሞት ልባቸውን ሰብሮታል፣ እሱንም አይደብቁም። በ2013 ግን ካርድ አውጡ ሳይባሉ ያወጡት እነሱ ናቸው። አንዴ የመረጠ ሰው መልሶ መምረጥ አይከብደውም፣ ልማድ ይሆናል። ወጣቱን ያ የመጀመሪያው ጊዜ ነው የሚያስቸግረው።

ይሄ የኛ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ማን ድምፅ ሰጠ የሚለው በመዝገብ ይታያል፤ ለማን እንደሰጠ ሳይሆን ሄዶ መስጠቱ ብቻ። ተመራማሪዎች ሰዎችን መርጣችኋል ወይ ብለው ጠይቀው መልሱን ከመዝገቡ ጋር ሲያስተያዩት፣ ሳይመርጡ መርጠናል ያሉ በርካታ ሰዎች ይገኛሉ። ከነዚህም ውስጥ የሚበዙት የተማሩና ፖለቲካ በቅርብ የሚከታተሉ ናቸው፤ መምረጥ እንዳለባቸው ስለሚያውቁ አልመረጥንም ማለት ያሳፍራቸዋል። እውነቱን ለመናገር በጥቅሉ ሲታይ ጠንካራ አቋም ያለው ሰው አቋም ከሌለው የበለጠ ይመርጣል፣ ይሄም በጥናት የታወቀ ነው። ግን አቋሙ ብቻውን ከዱካው አያስነሣም።

እዚህ ላይ ነው እትዬን የማመሰግነው። ምዝገባው ሊያልቅ በተቃረበበት ሰሞን ቡና እየቀዱ አንድ በአንድ ይጠይቁ ነበር። ለትልልቆቹ «ጋሼ፣ ካርድ ወስደዋል?» ይላሉ። ለወጣቶቹ ግን ፈርጠም ነው።

«አንተ፣ ካርድ አወጣህ?»

«ነገ እሄዳለሁ እትዬ።»

«ትናንትም ነገ ነው ያልከኝ። ጣቢያው እዚህ ትምህርት ቤቱ ጋ ነው። አቦሉን ጠጣና ሂድ፤ ቶናው ሳይወርድ ትመለሳለህ።»

ልጁ ሄደ። ጓደኛውንም አስነሥቶ ሄደ። ሲመለሱ እትዬ ካርዱን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት፣ ስሙ በትክክል መጻፉን አስነብበው ሰሙ፣ ከዚያ «በል ከመታወቂያህ ጋር አስቀምጠው፣ እንዳታጠፋው» ብለው መለሱለት። ማንን ምረጥ አላሉትም። እሳቸው ማንን እንደሚመርጡ እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለው ነገር እንደሚሠራ ተፈትኖ ታይቷል። በፈረንጆቹ 1998 ኒው ሄቨን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ሁለት ተመራማሪዎች መራጮችን ከፋፍለው ገሚሱን ቤት ለቤት ሄደው በአካል፣ ገሚሱን በስልክ፣ ገሚሱን በፖስታ እንዲመርጡ ቀሰቀሱ። በአካል የተጠየቀው ሰው ነው ከሌላው ይልቅ የሄደው፤ ስልኩ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። እኛ አገር ሰው በአካል የሚገናኘው የት ነው? ቡና ላይ ነው፣ ዕድር ላይ ነው፣ ማኅበር ላይ ነው።

ሰኔ 14 ሰልፉ ረጅም ነበር። በየቦታው ሰው ስለበዛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊዘጋ የነበረው ድምፅ መስጫ እስከ 3 ሰዓት ተራዘመ። በማግሥቱ እዚህ ቤት የገባ ሁሉ እጁ ይታይ ነበር፤ ጣት ላይ ያለው ቀለም ቶሎ ስለማይለቅ የመረጠና ያልመረጠው ይለያል። እትዬ የላኳቸው ልጆች ጣታቸው ጠቁሯል። ከወዲያ ጥግ ያሉት፣ ሁልጊዜ ድምፃቸው ከሁሉ በላይ የሚሰማው፣ ከመካከላቸው ባዶ ጣት የያዙ ጥቂት አልነበሩም። የመሐል ሜዳው ልጅ ያን ቀን ሲከራከር አልሰማሁትም።

ለቀጣዩ ምርጫ ምርጫ ቦርድን የምለምነው አንድ ነገር አለ። የምዝገባውን ማስታወቂያ ቀበሌ በር ላይ ብቻ አትለጥፉ፣ እንዲህ ያሉ ቤቶች ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ የት፣ እስከ መቼ፣ ምን ተይዞ የሚለውን በትልቁ ጻፉት። የመታወቂያውንና የስድስት ወሩን ጉዳይ በተለይ። የሌሎች ቡና ቤቶችና ምግብ ቤቶች ባለቤቶችም የእትዬን ብታደርጉ ደንበኛ አይቀንስባችሁም፣ እንዲያውም እኔ ያን ሰሞን ነው የዘወትር ደንበኛቸው የሆንኩት።

ለመሄድ ያሰበ ካለ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ብትደርሱ ቂንጬው ይደርሳችኋል፣ ቦታም አለ። ክርክሩ የሚሞቀው ከሥራ መልስ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ስኒ ስለሚያጥር ታገሡ። ለእትዬም፦ መስኮቱን በጊዜ ያስከፍቱልን፣ ጭሱ በተለይ ለርስዎ ለራስዎ ጥሩ አይደለም።