የምግብ ፎቶ ያለበት ፓወር ባንክ፦ ባለ 10 ሺው ወይስ ባለ 20 ሺው?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሁለት ፓወር ባንክ ገዛሁ። ሁለቱም ጀርባቸው ላይ የምግብ ፎቶ አለባቸው። ባለ 10 ሺህ ሚሊአምፒር ሰዓቱ (የባትሪ መጠን መለኪያ ነው) ላይ ዶሮ ወጥ አለ። ባለ 20 ሺው ላይ መሶብ ሙሉ በያይነቱ። አንዱ ወልድያ ለምትኖረው እኅቴ ነው። ሌላው ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌ ለሚመላለሰው ሹፌሩ አጎቴ። ከመስጠቴ በፊት ሁለቱንም አንድ ወር ያህል ተጠቀምኩባቸው።

መጀመሪያ ጉልበቱን እንይ። «10 ሺህ» ማለት ስልካችሁ ውስጥ 10 ሺህ ይገባል ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚለካው በውስጡ ባለው ባትሪ 3.7 ቮልት ነው። ወደ ስልኩ ሲወጣ ወደ 5 ቮልት ከፍ ይላል፤ መሀል ላይ በሙቀት የሚባክንም አለ። በተግባር የሚደርሳችሁ 6 ሺህ አካባቢ ነው። ባለ 5 ሺህ ባትሪ ስልክ አንዴ ሞልቶ ትንሽ ይተርፈዋል። ባለ 20 ሺው ሁለቴ ሞልቶም ይተርፈዋል። ግን ክብደቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። በእጃችሁ መዝኑት፤ «20 ሺህ» ተብሎ እንደ ትንሹ ከቀለላችሁ አትግዙት።

ትልቁ አንድ ጣጣ አለው፤ እሱ ራሱ ለመሙላት ጊዜ ይፈልጋል። በተራ ባለ 10 ዋት ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። መብራት ለጥቂት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ያበሳጫል። ስለዚህ ባለ 20 ሺህ የምትገዙ ከሆነ፣ በታይፕ ሲ ቢያንስ 18 ዋት የሚቀበል መሆኑን ካርቶኑ ላይ አንብቡ።

አሁን ወደ ፎቶው። ዶሮ ወጡ ስቲከር ነው። በያይነቱው ግን በቀጥታ ፕላስቲኩ ላይ የታተመ ነው፤ ዩቪ ፕሪንት ይሉታል። መለየት ቀላል ነው፤ ጠርዙን በጥፍራችሁ ዳሰስ አድርጉት። ስቲከር ከሆነ ጥፍራችሁን ይይዘዋል። የዶሮ ወጡ ስቲከር በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጥጉ ተነሳ፤ የቦርሳ ብናኝ ሥሩ ገብቶ ጠቆረ። ቁልፍ እንቁላሉን ጭሮት፣ አስኳሉ ላይ ነጭ መስመር ቀረ። አብሮት እዚያው ቦርሳ ውስጥ የከረመው በያይነቱ ግን የክኩ ቢጫ እንኳን አልደበዘዘም።

ሙቀትም ይታሰብ። ከባቲ ወደ ሚሌ ሲወረድ መኪና ውስጥ ይጋላል። የስቲከር ሙጫ ይላላል። ከሙጫው በላይ ግን ባትሪው ያሳስበኛል፤ ሊትየም ሙቀት አይወድም። ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ እየመታው እንዳትተዉት፣ አደራ።

እና ለማን የቱ? መጀመሪያ ያሰብኩት ትልቁን ለአጎቴ ነበር፣ መንገደኛ ስለሆነ። ተሳስቻለሁ። እሱ መኪናው ላይ ስልኩንም ፓወር ባንኩንም ቻርጅ ያደርጋል፤ ባለ 10 ሺው ይበቃዋል። መብራት ጠፍቶ የሚያድርባት እኅቴ ናት፤ ትልቁ የእሷ ነው። ፎቶውም ለእሷ ገጠመ። ከሙስሊም ጓደኛዋ ጋር ነው ተከራይታ የምትኖረው፤ ዕቃቸው ሁሉ የጋራ ነው። እኛ ወሎዎች እንደምታውቁት ሥጋ ላይ እንለያያለን እንጂ በያይነቱ ላይ አንለያይም። ለስጦታ ስትገዙ ይቺን አስቡባት።

በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ፣ ከላሊበላም ይሁን ከሌላ ቦታ፣ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። ገደቡ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ዋት ሰዓት የሚገኘው ሚሊአምፒር ሰዓቱን በ3.7 ቮልት አባዝቶ ለ1 ሺህ በማካፈል ነው። ባለ 20 ሺው 74 ስለሆነ ያልፋል። ባለ 30 ሺው 111 ነው፤ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አይሆንም።

ለአጎቴ ስቲከሩን አልሰጠሁትም። ፎቶ የሌለበት ባለ 10 ሺህ ገዝቼ፣ ራሴ ያነሳሁትን የሐይቅ ዓሣ ጥብስ አሳተምኩበት። እናንተም ብታሳትሙ ያለ ፍላሽ በመስኮት ብርሃን አንሱ፤ ፍላሽ የወጥ ዘይት ላይ ያንጸባርቃል። ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ጠቆር ያለ ወጥ ሲታተም ይብስ ይጠቁራል። ዓሣው ግን ወርቃማ ሆኖ ወጣ፤ ጎኑ ያለችው የሎሚ ቁራጭ ፍሬዋ ሳይቀር ይታያል።